ልጓም ያዥ

ከገዳሙ መዝገብ ቤት፣ አይጥ ከቀመሰው ብራና፣
የአንድ ፈረሰኛ ነገር አገኘሁ፤ ጉርቫል ይሉታል፣ ያልተዋጋ ጀግና።
ጌታው ወደ ጫካ ሲገባ «ይህን ልጓም ያዝ» አለው፣
«እስክመለስ።» በቃ፤ ሌላ ምንም አልነገረው።

ሰባት ክረምት ቆመ።
ዘንዶ በፊቱ ሲያልፍ ሰይፉን አልመዘዘ፤
መምዘዣ እጁ ነበር ያ ልጓሙን የያዘ።
ፈረሱ አርጅቶ ሞተ፣ አጥንቱም ሣር ለበሰ፤
ጉርቫል ከቆመበት ንቅንቅ አላለ፣ አልተመለሰ።
ድንቢጥ ጎጆ ሠርታ ስትፈለፍል በራስ ቁሩ አናት፣
አንገቱን አላዞረም፣ እንዳያስደነግጣት።

ይህን ወደ ዘመኔ ላመጣ፣ አጭር ልቦለድ ላደርገው፣ በሞርሌ፣
ከባቡሩ ድልድይ ሥር፣ በተከራየኋት ክፍል፣
ክረምቱን ስፍቅ ከረምኩ፤ ስቀጥል፣ ስቆርጥ፣ ስከፍል።
ዘንዶውን እኔ ገደልኩት፣ በጦር አይደለም፣ በእርሳስ፤
ነጩን አጋዘን ሸኘሁ፣ የተረቱ ሸክም እንዲቀንስ።
ጫካው ባሕር ሆነ፤ ጌታው በመርከብ ሄደ፤
ጉርቫል ከመኪና ማቆሚያው ቀረ፣ የሰው ቁልፍ እንደወደደ።

አርታኢዬ ሮዘን ሳቀች፦ «ስልክ የለውም ይሄ ሰው?
ዛሬ ማን እንዲህ ይጠብቃል? ደውሎ ለምን አይጠይቀው?»

ስልክ ሰጠሁት። ደወለ።
ጌትየው፦ «አልመለስም፤ መኪናውን ሽጠው» አለ።
በአራት መስመር አለቀ፦ ሰባቱ ክረምት፣ ጎጆው፣ ዕድሜ ሙሉ።
«ባትሪው ሞቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ የሰነፍ ዘዴ ነው፤ ሰረዝኩት ከነቃሉ።

ቅዳሜ ዕለት ብስክሌቴ ተነፈሰ፤ ገፍቼ ጎልቬን ሱቅ ገባሁ።
ሽማግሌው ጥግ ተንበርክኮ አገኘሁ፤
አንዲት አረንጓዴ ብስክሌት፣ ቅርጫቷ የተሰበረ፣
ጎማዋን ይነፋላታል፣ ከራሱ ጋር እየተከራከረ።
«የማን ናት?» «የአንዲት ልጅ። ማክሰኞ እመጣለሁ ብላኝ ነበር፤
ዐሥራ ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ በዚህ በመጋቢት ወር።»
«ከፍላለች?» «አልከፈለችም፤ እጠብቅልሻለሁ አልኳት፤
የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ ግን፣ ያኔ አልጠየቅኳት።»
«ታዲያ ለምን አይሸጧትም?» ሰንሰለቷን ዘይት ቀባ፤ ዝም አለኝ፤
«ጎማ ካልተነፋ ይሰነጠቃል» ብሎ ብቻ መለሰልኝ።

ሮጥኩ ወደ ቤት። ከበሩ ዘወር ብዬ «ማክሰኞ እመጣለሁ» አልኩ፤
ዐሥራ አራቱን ገጽ ቀድጄ ከፓምፑ ትንፋሽ ጀመርኩ።
መኪናም የለ፣ ባሕርም የለ፣ ስልኩ ቢኖርም አይደወል፤
አንድ ሽማግሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎማ ይነፋል፣ ታስሮ በገዛ ቃል።

ሮዘን ወደደችው። «መጨረሻውስ?» አለች።
የብራናውም መጨረሻ የለም።
«ጌታውም ተመልሶ መጣ፤ ጉርቫልንም እንዲህ አለ፦»
ከዚያ የአይጥ ጥርስ ነው። ቃሉ ተበላ፣ ገጹ ጎደለ።
ምን ይል ይሆን? «አንተ ማነህ?» ወይስ «ፈረሴስ?» ወይስ «ይቅር በለኝ»?
ሌሊቱን ሁሉ ሞከርኩት፤ ከጌታው አፍ አንዱም አልወጣልኝ።

ስድስት ማክሰኞ አለፈ። በዚያ ሱቅ በር አላለፍኩም፤
ነገሩን ወስጄበታለሁ፤ እሱን ግን አላስፈቀድኩም።
በላይኛው መንገድ ዞሬ፣ በእግሬ፣ ዝናብ እየመታኝ እመላለሳለሁ፤
እየቆየሁ በሄድኩ ቁጥር የምለውን አጣለሁ።

ትናንት ማታ፣ ሱቁ ከተዘጋ፣ በመስኮቱ አጮለቅሁ፤ አረንጓዴዋ እዚያው አለች፤
ከጎኗ የእኔዋ፣ «ማክሰኞ» የሚል ካርቶን አንገቷ ላይ ታስሮ፣ ግድግዳ ተደግፋለች።
ጎማዋ ጥብቅ ብሎ ተነፍቷል።